ጃኬቱ የያዘው ቦታ

ኳሱ እጄ የደረሰው ወጥ ተለቅልቆ ነው። ለወሬ ማሳመሪያ ያልኩት እንዳይመስላችሁ። በቀይ ክር የተሰፋ ነጭ የቤዝቦል ኳስ፣ አንድ ጎኑ ቅባት ጠጥቶ፣ በናፕኪን ተጠቅልሎ፣ የነጥብ ሰሌዳውን በምቆጣጠርበት በስኮርቦርዱ ክፍል መስኮት ገባ። ከኳሱ ኋላ ረዥም ክንድ፣ ከክንዱ ኋላ ደግሞ የተሳቀቀ የወንድ ፊት ነበር።

ሰውየው በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀና ኳሱ የእናንተ ይመስለኛል አለ። ናፕኪኑን ገለጥ አድርጌ አሸተትኩት።

«ዶሮ ነው ምንቸት?» አልኩት በአማርኛ።

ክው አለ። «ሀበሻ ነሽ እንዴ?»

«እኔ እንኳ ባልሆን ኳሱ ሆኗል።»

«ዶሮ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የእህቴ ልጅ ክርስትና ነው፤ እዛ ሼልተሩ ስር ነን። ኳሱ ከሰማይ መጥቶ ድስቱ ውስጥ ገባ። እማዬማ ምጽአት ነው የመሰላት።»

«የተጎዳ ሰው አለ?»

«ሰው የለም። አንድ እንቁላል።»

ሳቅኩ። እኔ ስስቅ ደግሞ እንደ ሰው አልስቅም፤ ከወገቤ እታጠፋለሁ። ሜዳው ላይ ዳኛው፣ መቺው ሳተ ለማለት፣ «ስትራይክ» ብሎ እጁን ሲያነሳ የሰሌዳውን ቁልፍ ሳልጫን ቀረሁ። ወዲያው ከመስኮቴ ሥር አንድ ድምፅ «ኖላዊት! ስትራይኩ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ነው።

ወጣቱ ወደ ድምፁ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። «ኖላዊት» አለ ቀስ ብሎ፣ ስሙን የሚቀምስ ይመስል። «እኔ ምሕረትአብ እባላለሁ።»

ስሜን ለእሱ የነገረው አባቴ ራሱ ነው ማለት ነው። በኋላ ነገሩ ሲከር ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ኤልምክሪክ ሲያትል አጠገብ፣ ከስካይዌይ ዳገት ሥር ያለ የከተማው ፓርክ ነው። ሣሩ ሰፊ ነው፣ ዛፎቹ ያረጁ ናቸው። የእኛ ሰው ልጅ ባስጠመቀና ባስመረቀ ቁጥር ሼልተሩን፣ ያን ባለ ጣሪያ ዳስ፣ ይከራያል። ከሼልተሩ አጠገብ ትንሿ ስታዲየም አለች። የሰፈሩ ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው የሠሯት ናት፤ መቀመጫዋ አረንጓዴ የተቀባ የእንጨት አግዳሚ ነው። በበጋ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ የሰፈር ቡድኖች ይጋጠሙባታል። ተመልካቹ በስም ይተዋወቃል። እኔ ሬንተን ውስጥ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ፤ እሑድን ግን በፈቃዴ ስኮርቦርዱን ይዤ እውላለሁ። መቺው ኳሷን ስቶ ወደ ጎን ሲመታት ጣሪያችንን ተሻግራ ወደ ሼልተሩ ትበራለች። ድስት ውስጥ ስትገባ ግን የመጀመሪያዋ ናት።

እኛ ወደዚህ ሜዳ የመጣነው በስሕተት ነው። አሜሪካ ገና እንደገባን የተከራየነው አፓርትመንት ፓርኩ ፊት ለፊት ነበር። አንድ እሑድ ጭብጨባና ሆታ ሰማን። እናቴ ፋንታዬ መስኮቱን ከፍታ ጆሮዋን አቆመችና «ሰርግ አለ» አለች። የኛ ሰው ሰርግ ሰምቶ ቤቱ አይቀመጥም። እሷ ነጠላዋን ለበሰች፣ አባቴ ክራቫቱን አሰረ፣ እኔን ቀሚስ አልብሰው ተያይዘን ሄድን። ሙሽራ የለም። አንዱ ጎረምሳ ዱላ ይዞ ቆሟል፣ ሌላው ኳስ ይወረውርበታል። አባቴ አፍሮ ሊመለስ ሲል እናቴ «ከመጣን አይቀር እንቀመጥ» አለችው።

ተቀመጥን። አባቴ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም ማለት ይቻላል። የኤርፖርት ሻትል እየነዳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እሑድ ሥራ ገብቶ አያውቅም። «እግር ኳስ ሰዓቱ ካለቀ አለቀ» ይላል። «ይሄ ግን ሰዓት የለውም። ነገሩ እስኪያልቅ ነው።»

እናቴ ካረፈች በኋላ ከጎኑ እኔ ተቀመጥኩ። እኔ ወደ ስኮርቦርዱ ክፍል ስወጣ ደግሞ በቦታዬ ቡኒ ጃኬቱን አስቀመጠ። ሙቀትም ይሁን ብርድ ያ ጃኬት አግዳሚው ላይ ነው። ባዶ መስሎት የሚጠጋ ሰው ካለ አባቴ እጁን ጃኬቱ ላይ ያሳርፍና «ሰው አለው» ይላል። በእረፍት ሰዓት ወርጄ ጃኬቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ወደ ላይ እመለሳለሁ።

ምሕረትአብ በሚቀጥለው እሑድ መጣ።

«ኳሱ እንዴት ሆነ?» አለኝ በመስኮቱ። የኳስ ጤና ሲጠየቅ ያን ጊዜ ገና ሰማሁ።

«ታጥቧል። ሽታው ግን እምቢ ብሏል።» ኳሱን ከቁልፎቹ አጠገብ አስቀምጬው ነበርና አሳየሁት።

«ጠብቀሽዋል» አለ።

ሁለታችንም ኳሱን አየነው፤ ኳስ ይህን ያህል የሚታይ ነገር ኖሮት አይደለም።

ሥራው ኤርፖርት ነው፤ ሻንጣ ጭነው ከሚያወርዱት ጋር ይሠራል። ከእናቱ ከወይዘሮ ኣብረሀት ጋር ቡሪየን ይኖራል። እናቱ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት፣ እሱም አማርኛን ከትግርኛ ጋር አብሮ የጠጣ ነው። ቤዝቦል ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አባቴ ዘንድ ወረደና፣ ከጃኬቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የኖረው። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ከአዳም ጀመረ። ወርዋሪውን፣ መቺውን፣ ቤዝ የሚባሉትን ማረፊያዎች፣ ሦስቴ የሳተ ለምን እንደሚወጣ፣ ሯጩ ለምን ማረፊያ እንደሚሰርቅ አስረዳው። በጋውን ሙሉ አስረዳው። ምሕረትአብ ቢያንስ ግማሹን በመጀመሪያው ቀን ገብቶታል፤ ነገር ግን አባቴ እንዲያስረዳው እያወቀ ይጠይቅ ነበር። ይህን ሳይ ነው የወደድኩት። በመልኩ ነው እንዳልል መልኩን በደንብ ያየሁት በኋላ ነው።

በየኢኒንጉ፣ በየዙሩ መሐል፣ ቀና ብሎ መስኮቴን ያያል። እኔ ደግሞ ቁልፎቼን የማጸዳ እመስላለሁ። አባቴ የሚያየው ሜዳውን ብቻ ነው፤ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

በጋው አልቆ ስታዲየሟ ስትቆለፍ እኛ ፓርኩን አልለቀቅንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ኮል ያደርግልኛል፣ ሼልተሩ ጋ ፓርክ ያደርጋል፣ በዛፎቹ ሥር እንዞራለን። የሲያትል ዝናብ ዝናብ አይባልም፤ ሰማይ የተነፈሰ ያህል ነው። የዚያን ቀን ግን ወረደ። ሮጠን ሼልተሩ ሥር ገባንና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን።

«ድስቱ እዚህ ጋ ነበር» አለ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ።

«ሐውልት እናቁምለት።»

ጸጉሩ ላይ የቀረው ውሃ በግንባሩ ይወርድ ነበር፤ ልጠርግለት ብዬ እጄን አንስቼ መለስኩት።

«ኖላዊት፣ ሶ... አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳትስቂ።»

«እስቃለሁ።»

«ኦኬ፣ ሳቂ። እወድሻለሁ።»

አልሳቅኩም። የመለስኩትን እጄን እንደገና አነሳሁና ግንባሩን ጠረግሁለት። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆየን፤ ካባራ በኋላም ቆየን።

በጸደይ ምሕረትአብ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገረኝ። እኔ ለአባቴ በራት ሰዓት ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ፣ «ጥሩ ልጅ ነው» አለ፣ ማንኪያውን አነሳ። «ይምጡ» አለ ቆይቶ።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደሚመጡ ቀን ተቆረጠ። ምሳ አዘጋጀሁ። አባቴ ግን ቅዳሴ እንዳለቀ «የሜዳውን ሣር ማየት ነበረብኝ» ብሎ ጠፋ። ሣሩን የሚያየው ከተማው ነው፤ አባቴን ማንም አልጠየቀውም። ሽማግሌዎቹ በራችን ላይ ቆሙ። እኔ የምለመነው ልጅ በሩን ከፍቼ «የለም» ማለት ነበረብኝ። ከእንግዲህ የመጣ ይምጣ እንጂ ከዚያ የባሰ ኀፍረት አይደርስብኝም።

ጨዋታው በበጋ እንደጀመረ፣ ለእሑድ ከሰዓት ሁለተኛ ቀን ተቆረጠ። አባቴ በዚያን ቀን ክራቫቱን አሰረ፤ ተመስገን አልኩ። ክራቫቱን እንዳሰረ በጓሮ ወጥቶ ሄደ። ስደውልለት ከጀርባው ጭብጨባ ይሰማል። «ጌም አለኝ» አለ። «ሰዎቹን ይቅርታ በዪልኝ።»

እምቢ አላለም፣ እሺም አላለም። ለምን እንደሆነ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ልቤ የሚለኝ አንድ ነገር ነበረ፤ በወገናቸው፣ ከአስመራ ስለሆኑ ይሆን? ብጠይቀው «አዎ» ይለኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። «አዎ» ካለኝ በኋላ ከአባቴ ጋር እንዴት ራት እበላለሁ?

በዚያ ሳምንት ምሕረትአብ ፓርኩ ውስጥ ጠበቀኝ። ፊቱን አይቼ ገባኝ።

«እማዬ ከፍቷታል» አለ። «"ወደይ፣ ልጄ፣ በደማችን ነው የናቁን" ትላለች። ሽማግሌ ቢበዛ ሦስቴ ነው የሚላከው። ሦስተኛ ጊዜ ካልሰሙን በቃ፣ አራተኛ የለም፣ ትላለች።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ?» ጫማውን አየ። «ኮርትሃውስ ሄደን እንፈራረማለን። ነገ ብትዪኝ ነገ። ሌሎች ያደርጉታል።»

«ሌሎች ያድርጉት። ምሕረት፣ እናቴ የለችም። አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም። አንተን ትቼ ደግሞ ሌላ አላገባም። ይሄን ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ነው የምኖረው።»

እጄን ያዘው። ከስታዲየሟ የሣር ማጨጃ ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

«ቤት ካልተገኘ ወዳለበት ይምጡ» አልኩ።

«የት?» አለና ዓይኔን ተከትሎ አረንጓዴውን አግዳሚ አየ። «ኖ! ሽማግሌ ጌም ላይ? ኖላ፣ እማዬ ትገድለኛለች።»

«አንተን እንጂ እኔን አትገድለኝም።»

ምሕረትአብ ነገሩን ለሽማግሌዎቹ ዋና ለጋሽ መልከጸዴቅ አቀረበው። ጋሽ መልከጸዴቅ በአገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ስንቱን ያስታረቁ ሰው ናቸው። ጢማቸውን ዳበሱና «ሽማግሌ የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው። የሰውየው ቤት እዚያ ከሆነ ቤቱ እዚያ ነው» አሉ። ሁላችንም ተገላገልን። ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚለመን ግን ለማሰብ የቆመ አልነበረም።

እሑድ ደረሰ። ፀሐይ ነው፣ ሰዉ ከልኩ በላይ መጥቷል። ምሕረትአብና እናቱ ሼልተሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ወግ ነውና ወደ ሜዳው መግባት የለባቸውም። እኔ ስኮርቦርዱ ክፍል ነኝ። ሴት ልጅ ስትለመን ጓዳ ትሆናለች፤ የእኔ ጓዳ እሱ ነበር። አባቴ ከመስኮቴ ጥቂት ረድፍ ዝቅ ብሎ፣ ከጃኬቱ ጋር፣ ሰው መሐል ተቀምጧል። በግራም በቀኝም ማምለጫ የለውም።

አራተኛው ኢኒንግ ላይ ሦስቱ ገቡ። ከፊት ጋሽ መልከጸዴቅ በጥቁር ሙሉ ልብስ ላይ ጋቢ ደርበው፣ ቀጥሎ የወይዘሮ ኣብረሀት ወንድም አቶ ኣውኣሎም፣ ከኋላ ደግሞ ቁጥሩ እንዲሞላ ከሊንውድ የመጡ አቶ ልዑልቃል የሚባሉ ዝምተኛ ሰው። «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያሉ በሰው ጉልበት መሐል አልፈው፣ አባቴ ፊት ባለው ረድፍ ላይ፣ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ቆሙ።

«ጤና ይስጥልን፣ አቶ ይርጉ።»

አባቴ ብድግ ብሎ ሰላም አላቸው። «ኧረ ጤና ይስጥልን። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ። «ሁለት ጊዜ ደጅዎን ረግጠን ተመልሰናል። ዛሬ የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም።»

አባቴ ወጉን ያውቀዋል። ባለቤቱ ይቀመጣል፣ ለማኙ ይቆማል። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ችግሩ፣ ሜዳው ላይ ሦስቱም ቤዝ በሯጮች ሞልቶ ነበር። በዚህ ጨዋታ ከዚያ የሚበልጥ ጭንቅ የለም። ከኋላ «እናንተ ፊት ያላችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ!» የሚል በእንግሊዝኛ ተሰማ። አቶ ኣውኣሎም በጨዋነት ዞር ብለው በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ አንችልም» አሉ። ምክንያት አልጨመሩም፤ እሳቸው እንደሚያስቡት የሽማግሌ አለመቀመጥ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ከአባቴ ኋላ ያሉት እንዲታያቸው ተነሱ። እነሱ ሲነሱ ከኋላቸው ያሉትም ተነሱ። እንዲያ እንዲያ እያለ በእኛ በኩል ያለው ሰው ሁሉ እስከ መስኮቴ ሥር ቆመ። የተቀመጠ አንድ አባቴ ብቻ ቀረ። አንገቱን ወደ ግራ ሰደደ፣ ጋቢ። ወደ ቀኝ ሰደደ፣ የአቶ ኣውኣሎም ኮት። እኔ በቆመው ሰው መሐል ባርኔጣውን ብቻ ነው የማየው፤ ድምፁ ግን ይሰማኛል። ቁልፉን መጫን ከረሳሁ ቆይቻለሁ።

«ልጅዎን ኖላዊትን ለልጃችን ለምሕረትአብ እንዲሰጡን መጥተናል» አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ።

«እንግዲህ... ተመካክሬ ቀጠሮ ብሰጣችሁ...»

«ዋእ! አቶ ይርጉ» አሉ አቶ ኣውኣሎም፣ «እኔ ዳር ዳር ማለት አልችልበትም። እህቴ ተቀምጣ ታለቅሳለች። በትውልዳችን ከሆነ ይንገሩን። ቂም ሳንይዝ፣ አውቀን እንሂድ።»

እኔ ስንት ወር ያልጠየቅሁትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጠየቁት። መስኮቱን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«በትውልድ?» የአባቴ ድምፅ ተቀየረ። «አቶ ኣውኣሎም፣ እኔ ያደግኩበት ግቢ ከአስመራ ሰዎች ጋር በራፍ ለበራፍ ነው። እናቴ ስትታመም ያጠቡኝ እነሱ ናቸው። ይሄን ካሰብኩ ጡታቸው ይፍረድብኝ። እንዲህ መስሏቸው ነው ያለቀሱት? በኔ ምክንያት?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ሜዳው ላይ አንድ ነገር ሆነ፣ ሰው ጮኸ፤ አባቴ ግን ቀና አላለም። እጁ ጃኬቱ ላይ ነበር።

«ልጁን እወደዋለሁ» አለ። «ጨዋታውን ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም? መስኮቷን ሲያይ አይቼዋለሁ፣ ስታየው አይቻታለሁ። ዕውር አይደለሁም። ግን ፈራሁ። ፋንታዬ ሄደች። ይቺም ከሄደች እሑድ እሑድ ከጃኬት ጋር ልቀመጥ ነው? ቤት ካልተገኘሁ አይጠይቁኝም አልኩ። ካልጠየቁኝ እምቢ ብዬ አላስከፋት፣ እሺ ብዬ አላጣት። እንዲህ እያልኩ... ይሄ ጨዋታ ሰዓት የለውም አይደል።»

እኔ ስለ ወገን ስጨነቅ አባቴ የሚጨነቀው ስለ እንጨት አግዳሚ ነበር።

«ሰዓት ባይኖረውም ያልቃል እኮ፣ አቶ ይርጉ» አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ያን ጊዜ ለቁጥር የመጡት አቶ ልዑልቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «እኔም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሊንውድ ብቻዬን ነው የምኖረው። እሑድ ምንም የለኝም። ይሄ ቦታ... ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

አባቴ ሲስቅ ሰማሁት። ሲስቅና ሲያለቅስ ድምፁ አንድ ነው፤ የትኛው እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

«ኖላዊት!» ብሎ ተጣራ፣ ሳይዞር።

ጓዳ ያለች ልጅ አትናገርም። «አቤት፣ አባዬ!» አልኩ።

«ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈልገዋለሁ!» ሜዳው ሙሉ ሰማ። አማርኛ የማያውቀውም ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀና ቆመ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላቸው። ወልደው ይሳሙ። ለወይዘሮ ኣብረሀት ይቅርታዬን በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። አሁን በፈጠራችሁ ተቀመጡልኝ፣ ቤዙ ሞልቷል!»

«አሜን» አሉ ሦስቱም፣ ተቀመጡም። እነሱ ሲቀመጡ ከኋላ ያለው ረድፍ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሌላው፣ እስከ መስኮቴ ድረስ። ከአባቴ ኋላ ሁልጊዜ የምትቀመጠው አሮጊቷ አሜሪካዊት ዶረቲ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። እሷ ለጎረቤቷ ነገረች፣ ጎረቤቷም ለጎረቤቱ፣ ጭብጨባውና ጩኸቱ ተነሳ። መቺው ለእሱ መስሎት ቆቡን አነሳ፤ ሦስት ጊዜ ስቶ ሊወጣ ነበር።

እናቴ ያኔ በመስኮት የሰማችው ድምፅ ይኸው ነው። ሰርግ አለ ብላ ክራቫት አሳስራ ይዛን መጣች፤ ሰርጉ ስላልነበረ ዕድሜዋን ሙሉ ሳቅንባት። አሁን ብትኖር አገጯን ቀና አድርጋ «አላልኩም?» ትለን ነበር።

ምሕረትአብ ሼልተሩ ሥር ሆኖ ጩኸቱን ሰምቶ መቆየት አቅቶት እየሮጠ መጣ። መስኮቴ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ አየኝ። ወጥ የነካውን ኳስ አንስቼ ወረወርኩለት፤ በሁለት እጁ ቀለበውና ደረቱ ላይ ያዘው።

እናቱ ቀስ ብላ ከኋላው ደረሰች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። አባቴ እንዳያት ተነስቶ እጅ ነሳ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ብዙ ነገር አላት። ያለውን አልሰማሁም። እሷም ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ የሆነ ነገር መለሰችለት። ከዚያ አረፍ የምትልበት ስትፈልግ አግዳሚውን አየች። ጃኬቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ሰው አለው?» አለችው።

አባቴ ጃኬቱን አነሳና ጭኑ ላይ አጣጥፎ አስቀመጠው።

«ነበረው» አለ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። ጥቂት ሜዳውን አየች። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ «አቶ ይርጉ፣ ይሄ ልጅ ግን ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?» አለችው። አባቴ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።